ወረፋ ያገናኘን ልጆች

ሐሙስ

ወደ ደሴ የምሄደው ሰው ለመጠየቅ ነው። ዘመዶቼ አይደሉም፤ አብሮ አደጎቼም አይደሉም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በነበረች አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ፊት በተዘረጋ የዳንስ ምንጣፍ ዙሪያ የተዋወቅኳቸው ሰዎች ናቸው። ያኔ አባቴ በሥራ ምክንያት ደሴ ተዛውሮ ስለነበር ሃይስኩል የተማርኩት እዚያ ነው። ከክፍል ልጆች የስንቱን ስም ረስቻለሁ። የጌም ቤቷን ልጆች ግን ኮቴያቸውን ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ስክሪኑ ላይ ቀስቶች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ግራ፣ ታች፣ ላይ፣ ቀኝ። ቀስቱ ከላይ ያለው ምልክት ላይ ሲደርስ ያንኑ አቅጣጫ በእግርህ ትረግጣለህ። ከዘፈኑ ምት ጋር እኩል ከረገጥክ "ፐርፌክት" ይልሃል። ካመለጠህ "ሚስ"። ሳታቋርጥ በያዝክ ቁጥር ኮምቦው እየቆጠረ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

መነሻው ጃፓን ነው። ኮናሚ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 "ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን" ብሎ አወጣው። በሳንቲም የሚሠራ ትልቅ ማሽን ነበር፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚቆምበት መድረክ፣ ከኋላ የሚደገፉት ብረት፣ ከፊት ትልቅ ስክሪንና ጆሮ የሚያደነቁር ስፒከር። በዓመቱ የደቡብ ኮሪያው አንዳሚሮ "ፓምፕ ኢት አፕ" የተባለውን አመጣ፤ የእሱ መርገጫ አምስት ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ማሽኑ ሳይሆን ለፕሌይስቴሽን የተሠራው ምንጣፍ ነው። ከጓደኞቻችን የአንዱ እህት ከጂዳ ላከችለት። ልጁንም ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጂዳ" አልነው። አሁን እሱ ራሱ ጂዳ ነው የሚኖረው።

አውቶቡሱ ከላምበረት የተነሳው ሳይነጋ ነው። ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ደብረ ሲና ላይ የቆሎ ሻጭ ልጆች መስኮቱን ከበቡት። ሸዋ ሮቢት ጃኬት ወለቀ። ከሚሴ ስንደርስ ሁሉም ሰው ውሃ ፍለጋ ወረደ።

ከከሚሴ በኋላ ሾፌሩ አንድ የሰርግ ዘፈን ከፈተ። እግሬ ሳላዘው ከወንበሩ ሥር መርገጥ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አዩኝና "ልጄ፣ አመመህ እንዴ?" አሉኝ። "አይ እናቴ፣ ዘፈኑ ነው" አልኳቸው። "እሰይ፣ ጨፍር እንጂ፤ መንገዱን ያሳጥራል" ብለው ሳቁ።

ኮምቦልቻ ወራጆችን አውርደን የሐረጎን ዳገት ተያያዝነው። ደሴ ስገባ መሽቶ ነበር። ቧንቧ ውሃ አካባቢ አልጋ ያዝኩና ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ።

አርብ

ጠዋት ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ጫፉ አይታይም። ፉል በልቼ በእግሬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ።

ጌም ቤቷ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆናለች። ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅሏል። ሻጩ ልጅ "ምን ልስጥህ?" አለኝ። ድሮ እዚህ ቤት እንጫወት እንደነበር ስነግረው ከባንኮኒው ወጥቶ "ግባ፣ እያት" አለኝ። ወለሉ ያው የድሮው ሲሚንቶ ነው። ምንጣፉ የሚዘረጋበትን ቦታ በዓይኔ ለካሁ። ምንጣፉ፣ ከኋላ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ በር። ከዚህ የተረፈ ቦታ የለም። ያ ሁሉ ልጅ የት ይቆም ነበር?

ከጀርባ ባለው ግቢ የቤቷ አከራይ እማማ አሁንም አሉ። በር ላይ ቆሜ ስሜን ልነግራቸው ስል ቀድመውኝ፣ "አንተ! ከረጋጮቹ አንዱ አይደለህም?" አሉ። ረጋጮቹ ነበር የሚሉን። ጉልበታቸውን ስሜ ሳልጨርስ ከሰል እንዲቀጣጠል አዘዙ።

የእማማ ሳሎንና ጌም ቤቷ በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰኑት። የስኒ መደርደሪያቸው ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። እኛ ስንረግጥ ስኒዎቹ ይንጫጩ ነበር። ብዙ ጊዜ መጥተው ተቆጥተውናል። ዛሬ ቡናውን እየቀዱ የነገሩኝን ግን ያኔ አላውቅም ነበር። "ስኒው ዝም ብሎ ሲንጫጫ የእናንተ የወንዶቹ ነው። እኩል እኩል ሲል፣ ልክ እንደ ሰዓት፣ ያቺ ልጅ ናት እል ነበር" አሉኝ። ያቺ ልጅ ሚጣ ናት። አንድም ቀን ገብተው አይተዋት አያውቁም። በስኒ ነው የሚያውቋት።

በረካው እስኪደርስ ስለ ወረፋው አወራን። እሳቸው የሚገርማቸው እሱ ነው። "ለአንድ ጊዜ ዝላይ ሰዓት ሙሉ ትጠብቃላችሁ!" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ዘፈን ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። በአንድ ብር ሁለት ዘፈን ትጫወታለህ፤ ከዚያ ትወርዳለህ። ተራ ለመያዝ ብርህን ቴሌቪዥኑ ላይ ታስቀምጣለህ። ሳንቲም ከሆነ በሰልፍ ይደረደራል፤ ሁሉም የራሱን ያውቃል፤ የሌላውን የሚነካ የለም። አሜሪካ ውስጥ የነበሩ ተጫዋቾችም ሳንቲማቸውን ማሽኑ ጠርዝ ላይ እየደረደሩ ወረፋ ይይዙ እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። ማንም ሳያስተምረን አንድ ዓይነት ሕግ አውጥተናል።

ጓደኛ ያደረገን ዳንሱ አይመስለኝም። ጥበቃው ነው። ምንጣፉ ላይ ስትሆን ከቀስት በቀር ምንም አታይም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ግን የማታውቀው ልጅ ትከሻው ትከሻህን ነክቶ ነው የሚጠብቀው። ሳምቡሳ ለሁለት ትቆርሳላችሁ። "ይሄ ልጅ ለምንድነው ሁልጊዜ በግራ እግሩ የሚጀምረው?" ትለዋለህ። እሱም ያወራሃል። እንዲህ እንዲህ እያለ የሰኞ ገበያውም፣ የሆጤውም፣ የሮቢቱም ልጅ ይተዋወቃል። የነጋዴ ልጅ ከመምህር ልጅ ጋር፣ መድኃኔዓለም የሚያገለግለው ከአረብ ገንዳው ልጅ ጋር። ረመዳን ሲሆን ከመግሪብ በፊት ጨዋታ ይቆማል። ጂዳ ቴምር ያመጣል፤ ጾመኛውም ያልጾመውም እዚያው ወንበር ላይ አብሮ ያፈጥራል። ስቅለት ሲሆን ጂዳ ራሱ ነበር ቴሌቪዥኑን በጨርቅ የሚሸፍነው።

አሁን ልጆች ጌም የሚጫወቱት ስልካቸው ላይ ነው። ጌሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን ማንም ማንንም አይጠብቅም። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል።

ስወጣ እማማ መረቁኝ። "ያችን ልጅ ካገኘሃት ስኒዎቹ አልተሰበሩም በላት" አሉ።

ቅዳሜ

ዛሬ ኮምቦልቻ ኮምቦን ላይ ነው የምሄደው። ኮምቦ ያልነው ከኮምቦልቻ ስለሚመጣ ነው፤ ደግሞም ኮምቦ ሲቆጥር የሚያቆመው አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሐረጎን ወጥቶ ይመጣል፤ ተራው ሳይደርሰው የተመለሰበትም ቀን ነበር። በሳምንቱ ደግሞ ይመጣል።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርዱ አየሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለወጣል። ከላይ ሹራብ ለብሰህ ትነሳለህ፤ ታች ስትደርስ ክንድህ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ፋብሪካው፣ ቦርከና ወንዝ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ይታያል። ከተማዋ ሰፍታለች። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከመጣ ወዲህ ብዙ ወጣት ከየገጠሩ መጥቷል።

ኮምቦ የብረታ ብረት ቤት ከፍቷል። በርና መስኮት ይሠራል። ስደርስ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። አቀፈኝ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጨን፤ ከዚያ ቃል ሳይናገር እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ቆርቆሮውን ገለጥ ሲያደርግ ፓዱ አለ!

ስለዚህ ፓድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የጂዳ እህት የላከችው ምንጣፍ ፕላስቲክ ነበር። ስትረግጠው ይንሸራተታል፣ ይታጠፋል። መጀመሪያ ኮምፔንሳቶ ላይ በሚስማር መታነው። ጥቂት ወር ሠራ። ከዚያ የግራው ቀስት ሞተ። ቀጥሎ የላዩ። ሌላ ማስመጣት የማይታሰብ ነበር። ኮምቦ ያኔ ከትምህርት ቤት መልስ የአጎቱ ጋራዥ እየዋለ ብየዳ ይለማመድ ነበር። አንድ ቅዳሜ የተቀደደውን ምንጣፍ በቢላዋ ከፈተውና ውስጡን አየ። "ይሄማ ስዊች ነው" አለ።

እውነትም ስዊች ነው። በእያንዳንዱ ቀስት ሥር ሁለት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ንጣፎች አሉ፤ በመሃላቸው ቀዳዳ ያለው ስፖንጅ። ስትረግጥ ሁለቱ ይነካካሉ፤ እግርህን ስታነሳ ይለያያሉ። ኮምቦ ያንኑ በብረት ሠራው። ከታች ኮምፔንሳቶ፣ በላዩ አራት ቁራጭ ላሜራ፣ ጥጉ ጥጉ ላይ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሌላ አራት ላሜራ። ከእያንዳንዱ ሽቦ አውጥቶ ከአንድ አሮጌ ኪቦርድ የሰርኪዩት ሰሌዳ ጋር በየደው። ላሜራና ላሜራ ሲነካካ፣ ከፕሌይስቴሽኑ በኋላ የምንጫወትበት ኮምፒውተር የኪቦርዱን ቀስት የተጫንክ ይመስለዋል። በሌላው ዓለምም ማሽን ያላገኙ ተጫዋቾች በቤታቸው እንዲህ ይሠሩ ነበር። እኛ ግን ይህን ከማንም አልሰማንም። ኮምቦ ምንጣፍ ቀድዶ አይቶ ነው።

አሁን ጓሮው ውስጥ ተንበርክኬ ዳሰስኩት። የቀኙ ላሜራ መሃሉ ላይ ጎድጉዷል፤ የሚጣ ተረከዝ ነው። ጠርዙ ላይ ኮምቦ በመበየጃ የጻፈው የሁላችንም ስም የመጀመሪያ ፊደል አለ። ዝገት በልቶታል፤ ግን ይነበባል።

"እንዴት ተረፈ?" አልኩት።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኮምቦ እናቱንና ሚስቱን ይዞ ወጥቷል። ሲመለስ መበየጃው የለም፤ መፍጫው የለም፤ ጄኔሬተሩም የለም። ጌም ቤቷ ሲዘጋ ወደ እሱ ያዛወርነው ኮምፒውተርም ሄዷል። "ይሄን ግን ማንም ምን እንደሆነ አላወቀውም። ብረት ብቻ መሰላቸው" አለኝ። ከኮምፒውተሩ ጋር የጠፋውን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚያ ነገ እጽፋለሁ።

ምሳ ቤቱ በላን። ባለቤቱ ጨዋታውን በስም ብቻ ነው የምታውቀው። "ስለ እናንተ ሲያወራ ስለ ወንድሞቹ የሚያወራ ነው የሚመስለኝ" አለች። ኮምቦ አንገቱን ደፍቶ እንጀራውን አጠቀሰ። ወዲያው ግን ቀና ብሎ፣ "ወላሂ፣ እኔ ከእናንተ ጋር ስሆን ነው እጄ ነገር መሥራት እንደሚችል ያወቅኩት። ይሄ ወርክሾፕ የመጣው ከዚያ ፓድ ነው" አለኝ። ይህን ለመስማት ብቻ ብመጣም አይቆጨኝም ነበር።

እሁድ

ኮምቦ ፓዱን ፒክአፕ ላይ ጭኖ ደሴ መጣ። የተገናኘነው ሚጣ ቤት ነው። ሚጣ አሁን የስፖርት አስተማሪ ናት። ሁለት ልጆች አሏት። ምሳ ሠርታ፣ ፈንዲሻ ፈንድቶ፣ ሙሸበክ ተገዝቶ ጠበቀችን። የእማማን መልእክት ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ ሞላ።

የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳ። ስቴፕማኒያ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ያሳደጉት ነው። የዚያን የጃፓን ጨዋታ ዓይነት በማንኛውም ኮምፒውተር ያጫውታል። ትልቁ ነገር ደግሞ የፈለግከውን ዘፈን አስገብተህ ቀስቱን ራስህ መደርደር መቻልህ ነው። የጌም ቤታችን ሰው ከአዲስ አበባ በሲዲ አስመጣው። ከዚያ በኋላ የውጭ ዘፈን ተረሳ። በአማርኛ መርገጥ ጀመርን።

ቀስቱን የምትደረድረው ሚጣ ነበረች። ቀላል ሥራ አልነበረም። ፕሮግራሙ የዘፈኑን ፍጥነት በቁጥር ይጠይቅሃል፤ በደቂቃ ስንት ምት። በኪቦርድ ለተሠራ ዘፈን አንድ ቁጥር ይበቃል። በባንድ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ግን ድራም መቺው ሰው ነው፤ ስሜት ሲገባው ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ዝግ ይላል። ሚጣ ዘፈኑን እየቆራረጠች የፈጠነበትንና የቀዘቀዘበትን ቦታ ሁሉ በጆሮዋ እየለየች ቁጥሩን ትቀይር ነበር። ለአንድ ዘፈን ሳምንት የፈጀባት ጊዜ አለ።

ሌላው ፈተና ችክችካው ነው። ፕሮግራሙ ላይ ዋናው ምት ላይ ያለ ቀስት ቀይ፣ ግማሹ ላይ ያለ ሰማያዊ ነው። የውጭው ዘፈን ባብዛኛው ቀይና ሰማያዊ ነው። የእኛ ችክችካ ግን ለሦስት የሚከፈል ምት ነው፤ ለሦስት የተከፈለው ቀስት ወይን ጠጅ ይሆናል። ሚጣ አንድ የሰርግ ዘፈን ስታስገባ ስክሪኑ ሙሉ ወይን ጠጅ ሆነ። የውጭውን ከባድ ደረጃ በቀላሉ የሚጨርሱ ልጆች እግራቸው ተሳሰረ። ቀኝ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ነው የሚሄደው፤ በየምቱ መጀመሪያ እግር ይቀያየራል። ሰርግ ቤት ያደገ ሰው ግን ገባው። ወሎ ዘፈን አገር ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የዚሁ አገር ስም ነው። የጃፓኑን ጨዋታ ወስደን የእኛን ምት አለበስነው፤ በዚያ ዕድሜ ይህን ማድረጋችን ዛሬም ያኮራኛል።

ያ ሁሉ ሥራ ነው ከኮምፒውተሩ ጋር የሄደው። ሌላ ቅጂ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ጂዳን በኢሞ ደወልንለት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ፊቱ መጣ። ጺም አብቅሏል። ፓዱን ስናሳየው ዝም አለ፤ የተቋረጠ መስሎን "ሄሎ፣ ሄሎ" አልን። "አለሁ፣ አለሁ" አለ። ከዚያ አንድ የመዝናኛ ማዕከል ውስጥ ኦሪጅናሉን ማሽን፣ ያንን መድረክና ብረት ያለውን፣ እንዳየው ነገረን። ሚጣ "ተጫወትክ?" አለችው።

"ብቻዬን ምን ብዬ ልውጣበት? ማን አጠገቤ ይቆማል?"

ኮምቦ "አብሽር፣ ና እንጂ፣ እኛ እንቆማለን" አለው። ጂዳ መቼ እንደሚመጣ አልነገረንም። ስልኩ ግን እስኪመሽ አልተዘጋም፤ ቴርሞስ ላይ አስደግፈነው አብሮን ዋለ።

በመሃል የሚጣ ትልቋ ልጅ ፓዱ ላይ ወጥታ "እማዬ፣ እንዴት ነው?" አለቻት። ፓዱ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ስክሪንም ቀስትም የለም። ሚጣ ጫማዋን አወለቀች። ስልኬ ላይ ያንን የሰርግ ዘፈን ከፈትኩላት። ዓይኗን ጨፈነች። መግቢያውን ጠበቀችና መርገጥ ጀመረች። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ታች፣ ላይ፣ ታች። ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ በሁለት እግሯ ዘለለች፤ እዚያ ጋ ድርብ ቀስት ነበር፤ እኔም አስታወስኩት። ኮምቦ "ቀጥሎ ግራ ሁለቴ!" ብሎ ጮኸ። ግራ ሁለቴ ረገጠች። አንድ ዘፈን ሙሉ እግሯ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም አንድ ነገር ያሰብነው። ኮምቦ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። "ሌላውንም ርገጪ" አላት። ሌላውንም ረገጠች። የማታስታውሰው ቦታ ስትደርስ እኛ እንነግራታለን፤ እኛ ስንረሳ ጂዳ ከቴርሞሱ ሥር ይጮኻል። አንዳችንም ብቻችንን ሙሉውን አናውቀውም። አራታችን ስንሆን ግን ተገኘ።

ሚጣ ቪዲዮውን እያየች ቀስቶቹን እንደገና ለመደርደር ላፕቶፗን አወጣች። ለተማሪዎቿም ታስበዋለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ጨዋታውን በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ የስፖርት ትምህርት ውስጥ ለማስገባት ወስና እንደነበር ነገርኳት። "ታዲያ እኛ በችክችካ ብናስገባው ምን አለበት?" አለች። ኮምቦ ሁለተኛ ፓድ ሊሠራ ቃል ገባ፤ ሁለት ልጅ ጎን ለጎን እንዲቆም።

ሰኞ

መናኸሪያ በጠዋት ደረስኩ። ሚጣ ክፍል ስላላት አልሸኘችኝም፤ ሌሊት ቁጭ ብላ የሠራችውን ግን በቴሌግራም ላከችልኝ። የሰርጉ ዘፈን መጀመሪያ ነው፣ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ኢርፎን ሰክቼ ቪዲዮውን ከፈትኩ። ወይን ጠጅ ቀስቶች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ቀስቱ ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረ።

"እዚህ ጋ ይፈጥናል፣ አላየሽውም?" ብዬ ጻፍኩላት።

መልሷ የመጣው ከሚሴ ስደርስ ነው፤ የዕረፍት ሰዓት ላይ። "አይቼዋለሁ። ድራሙ ነው። ማታ አስተካክለዋለሁ። ቀጥሎ ግን የአምባሰሉን ነው የምሠራው።"

እኔ የባቲውን ነበር የፈለግኩት። ጂዳ ደግሞ የራሱን መረጠ። ኮምቦ ሁለቱም ይሠራ አለ። እየተከራከርን ሸዋ ሮቢት ደረስኩ።